ዝናቡ እላያችን፣ ውኃው እታች

ጎሬ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር በየግቢው ሳፋ መንኳኳት ይጀምራል። ባልዲው፣ ድስቱ፣ አንገቱ የተቆረጠው ጄሪካን፣ የዛገው በርሜል፣ የተገኘው ዕቃ ሁሉ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ይደረደራል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አገልድመው፣ ጠፈጠፉ ከሚወርድበት ልክ ላይ እንዲያርፍ ሳፋውን በእግራቸው ገፋ ያደርጉታል። «የመጀመሪያውን ድፊው፣ የጣራ አቧራ ነው» ይሏታል ልጃቸውን። ልጅቷ ደፍታ መልሳ ትደቅናለች፤ የሞላውን ወደ ጓዳ ታስገባለች፣ ባዶውን ትተካለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቤቱ ዕቃ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚወርደው በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ ከጎረቤት ጎርፍ ጋር ተቀላቅሎ፣ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይሮጣል። በዚያው ግቢ ጥግ ላይ ቆጣሪ የተገጠመለት ቧንቧ አለ። ቧንቧው ፈረቃው እስኪደርስ ደርቋል።

ጎሬ ከአገራችን ዝናባማ ከተሞች አንዷ ናት። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ክረምቷ የሚያማርረው አዲስ አበባ እንኳ 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጎሬ በምትገኝበት በኢሉባቦር ዝናቡ በመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በጋ የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ እሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ካፊያ አያጣውም። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቱ የደረሰ እንግዳ መንገዱን ሙሉ ሲያይ የመጣው ጫካና ወንዝ ነው። ሆቴል ገብቶ ሊታጠብ ቧንቧውን ሲከፍት ግን የሚሰማው የአየር ፉጨት ነው። አስተናጋጁ ሳይገረም በባልዲ ያመጣለታል።

ዙሪያው ውኃ ሆኖ የሚጠጣው ያጠረው ሕዝብ ግን ኢሉባቦር ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። በባሕር የተከበቡት ትንንሽ አገሮች በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ አላቸው። የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ የምትጠጣው ጨዉ የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የማጣሪያው ጣቢያ በእሳት ተያያዘና 100,000 ያህል ሰው በአንድ ቀን ያለ ውኃ ቀረ፤ ሕንድ በአውሮፕላንና በመርከብ የሚጠጣ ውኃ አደረሰችላቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ቱቫሉ ዝናብ ለወራት ርቋት የአስቸኳይ ጊዜ ዐውጃ ነበር። በዋና ከተማዋ ለአንድ ቤተሰብ የተመደበው በቀን 40 ሊትር ነበር። በእኛ ልክ ሁለት ጄሪካን መሆኑ ነው።

ኢሉባቦርን ከቱቫሉ ጋር ማስተያየት መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። አንዱ ወንዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ሌላው ደግሞ ሶርን፣ ገባንና ብርብርን እያቀበለ ባሮን የሚሞላ አገር ነው። ቢሆንም እነዚያ ደሴቶች ውኃቸውን የት እንደሚያኖሩት ሲታይ ሳቁ ይበርዳል። ዝቅተኛ የኮራል ደሴት ላይ የዘነበው ዝናብ በአሸዋው ሠርጎ ሲወርድ ከሥር የጨው ውኃ ያገኛል። ጣፋጩ ውኃ ስለሚቀል ከላይ እንደ ዘይት ይንሳፈፋል። ከባሕሩ ወለል በላይ 1 ሜትር ጣፋጭ ውኃ ካለ፣ በስሌት ከሥሩ 40 ሜትር ያህል ይኖራል። ከላይ ያለው በጕድጓድ ተስቦ 1 ሜትር ቢወርድ፣ የጨው ውኃው ደግሞ ከሥር 40 ሜትር ሽቅብ ይገፋል። ስለዚህ የደሴቱ ሰው ዝናቡ ከሚተካው በላይ መቅዳት አይችልም፤ ከቀዳ የሚቀጣው ትውልድ ሳይሻገር ነው። በጥቂት ወር ውስጥ ሻዩ ጨው ጨው ይለዋል።

ኢሉባቦርም ዝናቡን የሚያኖርበት የተፈጥሮ ጎተራ አለው። ወደዚያ ከመውረዳችን በፊት ግን ከተሞቹ ለምን ኮረብታ ላይ እንደወጡ ማየት ይገባል፤ የቧንቧው ጣጣ ግማሹ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በኮረብታ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የጦር ሰፈርና የግዛት መቀመጫ ስትሆን የተፈለገው ዙሪያውን ማየት የሚያስችል ቦታ፣ ነፋሻ አየርና ወባ የማይወጣው ከፍታ ነበር። ውኃው እታች ሸለቆ ውስጥ መሆኑ ያን ጊዜ ችግር ተብሎ አልተቆጠረም፤ የሚሸከም ሰው አይጠፋማ! ከተማዋ በቡና ንግድ ደመቀች። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ጋምቤላም ወደብ ሆነች። ከጎሬ በበቅሎና በሰው ጀርባ የወረደው ቡና ክረምት ላይ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። መርከቡን ያንሳፈፈው እንግዲህ ከጎሬና ከመቱ ጣራና ሸንተረር የወረደው ያው ጎርፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ከአገር ሲወጡ ጎሬ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆና፣ ራስ እምሩም ከዚያ ሆነው ጣልያንን የመቋቋሙን ትግል መርተዋል። ከተማዋ ያን ሁሉ ጦር፣ ነጋዴና ቆንስል ስታስተናግድ የመጠጥ ውኃዋ ከሸለቆ በእንስራ ይወጣ ነበር።

በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው መቱ ዞረ። መቱ ዝቅ ብላ፣ ለሶር ወንዝም ቀርባ የተቀመጠች ናት። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ አደገ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኒቨርሲቲው ተመሠረተ፣ የተማሪ ማደሪያውና የኪራይ ቤቱ በዛ። በደሌ ደግሞ የቢራ ፋብሪካ አገኘች፤ ዛሬ በሌላ ዞን ሥር ብትሆንም በመቱ መንገድ ላይ ያለች ታላቅ እህት ናት። ሁሩሙ፣ ያዮ፣ በቾና ቡሬም እንዲሁ ቤት በቤት ላይ እየጨመሩ ነው።

በኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ውኃ የምታገኘው ሽቅብ በመግፋት ነው። ፓምፑ በመብራት ይሠራል። መብራት ሲሄድ ማጠራቀሚያው አይሞላም፤ ማጠራቀሚያው ካልሞላ ፈረቃው ይረዝማል፤ ፈረቃው ሲረዝም ዝቅ ያለው ሰፈር ቀድሞ ይቀዳና ከፍ ያለው ሰፈር ነፋስ ይደርሰዋል። ከመቱ ብዙም ሳይርቅ ሶር ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የውኃ ኃይል ጣቢያ አለ። ከዚያው ወንዝ ላይ፣ በቾ አጠገብ፣ ጎብኚ ጫካ አቋርጦ ሊያየው የሚሄድ ፏፏቴ አለ። ይህን ያህል ውኃ እየወረደ ከላይ ያለው ሰው ሳፋ መደርደሩ ለሚያየው እንቆቅልሽ ይሆንበታል፤ ነገሩ ግን የቁልቁለትና የአቀበት ሒሳብ ነው። ክረምት ሲጠና ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ወንዙ ይደፈርሳል፤ ከወንዝ የሚቀዳ ከተማ ጭቃውን ለማጥለል ጊዜና ኬሚካል ይፈልጋል። ለዚህ ነው በሐምሌ እጅግ ሲዘንብ ሰንብቶ ቧንቧ የሚጠፋበት ሳምንት የሚኖረው። «ዝናብ መጣ፣ ውኃ ሄደ» ሲባል ቀልድ የሚመስለው ለማያውቅ ነው።

የቤርሙዳ ሰዎች ይህን ሁሉ ጣጣ ሳይጠብቁ ጣራቸው ላይ ወጡ። በሰሜን አትላንቲክ የምትገኘው ይህች ደሴት ወንዝም ሐይቅም የላትም። ዝናቧ በዓመት ወደ 1,450 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጎሬ በሩብ ያህል ያንሳል። ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው የሚወርደውን ዝናብ እንዲያጠራቅም ሕጉ ያስገድደዋል። ጣራው በኖራ የተለቀለቀ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ውኃው እንዳይፈናጠር በደረጃ ተሠርቶ፣ በቦይ እየተመራ ቤቱ ሥር ወደተቀበረው ጉድጓድ ይገባል። ቤቱ ከመሠረቱ ጀምሮ ጉድጓዱን ይዞ ይወጣል።

የእኛን ጣራ እንደዚያው እናስላው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 100,000 ሊትር ነው። የሚፈናጠረውንና የመጀመሪያውን ቆሻሻ ቀንሰን 80,000 እንበል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለትንንሽ ከተሞች የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ነበር። አምስት ሰው ያለበት ቤት በዓመት 73,000 ሊትር ይፈጃል። ጣራው ይበቃል ማለት ነው።

የማይበቃው ማጠራቀሚያው ነው። የሦስቱ ወር በጋ ብቻ 18,000 ሊትር ይጠይቃል፤ ይህን የሚያክል ሮቶ ተራው ሰው ግቢ ውስጥ አይታሰብም። ልብሱን ለወንዝ፣ ሌላውን ለቧንቧው ፈረቃ ትተን ለመጠጥና ለወጥ ብቻ በሰው 10 ሊትር ብንይዝ ግን 4,500 ሊትር ይሆናል። ባለ 5,000 ሮቶ ለአንድ መምህር ደመወዝ ከባድ ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ለአንድ ጤና ጣቢያ፣ ተማሪ ለሚያከራይ ባለ አሥር ክፍል ግቢ ግን ሰበብ አይሆንም። እንደ እኔ አስተያየት ኢሉባቦር ውስጥ አሸንዳ የሌለው የመንግሥት ሕንፃ ማየት ከቧንቧ መጥፋት የበለጠ ያስቆጫል። ቧንቧ ገንዘብና መሐንዲስ ይፈልጋል። አሸንዳ ግን የሚፈልገው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ እሱ ደግሞ በየገበያው አለ።

አሁን ወደ ጎተራው እንውረድ። ከመቱ ወጣ ብሎ ኮረብታዎቹ ተገናኝተው የሚያበቁበት ዝቅታ ሁሉ ጨፌ ነው፤ ቄጤማ የለበሰ ረግረግ። ዳገቱ ላይ ቡና ከዋንዛና ከብሳና ጥላ ሥር ይበቅላል። ከታች ያለው ጨፌ ጠዋት ጉም ይዞ ይቆይና ፀሐይ ሲወጣ ይገለጣል። ረግረጉና ዳገቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ድንጋይ በተነጠፈባት ትንሽ ቦታ፣ ምንጭ ይወጣል። ሴቶችና ልጃገረዶች ቢጫ ጄሪካናቸውን በተራ አስቀምጠዋል። ውኃው በግማሽ ቀርከሃ ተመርቶ ይወርዳል፤ አንዱን ጄሪካን እስኪሞላ የሁለት ሰው ወግ ያስጨርሳል። «ክረምት ላይ እንዲህ አትቆምም፣ ቶሎ ነው የምትሞላው» አለች አንዷ፣ ክዳኑን በጥርሷ እያጠበቀች። የሞላውን በገመድ ጀርባዋ ላይ አሰረች፤ ሃያ ኪሎ ነው። ዳገቱን ጎንበስ ብላ ያዘችው።

ይህ ምንጭ በበጋ የሚፈሰው አጠገቡ ጨፌ ስላለ ነው። ስምንት ወር የዘነበው ዝናብ ከጫካው ሥር ሠርጎ፣ ረግረጉ ውስጥ ተኝቶ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ደሴቱ ጣፋጩን ውኃ በጨው ላይ አንሳፍፎ ካቆየ፣ ኢሉባቦር በጨፌው ያቆየዋል። ልዩነቱ የደሴቱ ሰው ሲያጠፋ ምላሱ ወዲያው የሚነግረው መሆኑ ነው። ጨፌ ሲበላሽ ምንጩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀጠነ ስለሚሄድ ማን እንዳቀጠነው ለማወቅ ያስቸግራል።

ጨፌው ለምን ይታረሳል ቢባል መልሱ በቆሎ ነው። በበጋ ቦይ ተቆፍሮ ረግረጉ ይጠነፍፋል፤ በቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራል፤ የዳገቱ እህል ገና በሚሆንበት፣ ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ላይ እሸቱ ይደርሳል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ከረኃብ ወር መሻገሪያ ነው። ዳገቱን ቡና እየያዘው ሲሄድ እህሉ ወደ ታች ተገፋ። በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች ሲጨመሩ ደግሞ መሬቱ ይበልጥ ጠበበ። የምግብ እጥረት ባሰጋ ጊዜም ባለሥልጣናቱ ጨፌውን እንዲያርስ ገበሬውን ይገፋፉት ነበር። አራሹን ብቻ መውቀስ ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ገበሬው ራሱ የቆየ ሕግ አለው። የአንድን ሸለቆ አራሾች የሚያስተባብረው ሰው አባ ለጋ ይባላል። ቦይ መቼ እንደሚጠረግ፣ የማን ቦይ በማን ማሳ እንደሚያልፍ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ፣ ጠብ ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ በሱ በኩል ይወሰናል። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢሉባቦርን ረግረጎች አጥንተው ነበር። ከመካከላቸው አላን ዲክሰን ስለ ገበሬዎቹ ዕውቀት መጽሐፍ ጽፏል፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ጥናቱ ያገኘው የማያውቅ ገበሬና የሚያስተምር ባለሙያ አይደለም። ገበሬዎቹ ቦዩ ከጠለቀ አፈሩ እንደሚሞት፣ የጨፌው ራስና የምንጩ ዙሪያ ሳይታረስ መቅረት እንዳለበት፣ አዝመራ ሲነሣ ቦዩ ተደፍኖ ውኃው እንዲመለስ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ። ባሕር ዛፍ ከጨፌ አጠገብ ሲተከል ውኃውን እንደሚጠጣውም እንዲሁ።

በዚያ ምንጭ አጠገብ ቦይ ሲጠርጉ ያገኘናቸው አዛውንት ይህንኑ በአጭሩ አስቀመጡት። «አባባ፣ ይቺን ለምን ተዋችኋት?» ብሎ ጠየቃቸው አብሮኝ የነበረው ወጣት፣ ከምንጩ በላይ ቄጤማ እንደለበሰች የቀረችውን ቁራጭ እያሳየ። «እሷን ካረስኩ ሚስቴ የምትቀዳው ከየት ነው?» አሉት። ቀና ብለው ወደ ሸለቆው ማዶ ጠቆሙ። እዚያ ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ታርሶ፣ ቦዩ እስከ ደረት ጠልቆ ኖሯል። አሁን በቆሎም አይበቅልበትም። ከብት ረግጦት ጠጥሯል፤ ሣሩ ቄጤማ አይደለም፣ ለቤት ክዳንም ለጕዝጓዝም አይሆንም። «ያኛው የማን ነው?» ቢላቸው ሳቁ። «ዱሮ የሁላችን ነበረ።»

እዚህ ላይ ሌላዋ የፓሲፊክ ደሴት አገር፣ ኪሪባስ፣ ትዝ ትለኛለች። በዋናዋ ደሴት በታራዋ ደቡብ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ተጨናንቆ ይኖራል። ዋናው የመጠጥ ውኃ ምንጫቸው ቦንሪኪ በሚባል ሰፈር ከመሬት ሥር ያለው ጣፋጭ ውኃ ነው። ከላዩ ያለው መሬት ግን የሰዎች ርስት ነው። መንግሥት መሬቱን ከባለቤቶቹ ተከራይቶ፣ ቤት እንዳይሠራበትና እንዳይታረስበት ከልክሎ ውኃውን ለከተማው ይስባል። ስምምነቱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ሰው ቦታ ሲያጣ ወደ ክልሉ እየገባ ይሰፍራል፤ አሳማ ያረባል፤ ሽንት ቤት ይቆፍራል፤ ውኃው ይበከላል። ኪራዩ አነሰ የሚል ክርክርም አይጠፋም። ዋናው ቁም ነገር ግን ክርክሩ መኖሩ ነው፤ ከላይ ያለው መሬትና ከሥር ያለው ውኃ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ሁለቱም ወገን ተቀብሏል።

እኛ ዘንድ ሁለቱ ጉዳዮች በሁለት ቢሮ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ምንጩን ማጎልበት የውኃው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ሲሚንቶ ያመጣል፣ ቧንቧ ይገጥማል፣ ያስመርቃል። ከምንጩ በላይ ያለው ጨፌ የግብርናው ነው፤ እሱ በኩንታል ይለካል። በቆሎው ሲጨምር አንደኛው ቢሮ ሪፖርት ያደምቃል፤ ምንጩ ሲቀጥን ደግሞ ሌላኛው በጀት ይጠይቃል። ገበሬው ጨፌውን ሳያርስ ቢተው የሚያጣው የክረምት እሸት ነው። የሚጠቀመው ግን እታች ያለው ቀጂና ኮረብታው ላይ ያለው ከተሜ ነው። ይህን ልዩነት የሚሞላ ኪራይም፣ ካሳም፣ ሌላም ነገር በመካከላቸው የለም። ባሮ ደግሞ ጋምቤላንና ከዚያም ወዲያ ያሉትን ሜዳዎች ሲያጠጣ ማንም ወደ ላይ ቀና ብሎ ማን እንዳጠራቀመለት አይጠይቅም።

ለመንደሩ ምንጭ የአባ ለጋ ሕግ ይበቃ ይሆናል፤ ቀጂውም አራሹም አንድ ቤት ናቸውና። ከተማ ሲጨመርበት ግን የሚስማሙት ሁለት ወገኖች አይተዋወቁም። ከእያንዳንዱ የውኃ ሒሳብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተቀንሶ፣ የጨፌውን ራስ ሳያርሱ ለሚተዉ አራሾች በአባ ለጋቸው በኩል ቢደርስ ምን ይላሉ ብለን አዛውንቱን ጠየቅናቸው። መቆፈሪያቸውን መሬት ላይ ተክለው አሰቡ።

«የመቱ ሰው ለበዓል ቄጤማ ይገዛል» አሉ። «ልጆቼ ከዚችው ጨፌ አጭደው ይወስዱለታል። አንዱን እስር ይከራከርና ይከፍላል። ለውኃው ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። መጥተው ቢጠይቁኝ ዋጋዬን እነግራቸዋለሁ።»